ያለችን ድምፅ አንዲት ናት

የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖቼ፣



ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግረስ ምርጫ ይካሄዳል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ወንበሮች በሙሉ፣ ከሴኔቱም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለምርጫ ይቀርባሉ። ብዙዎቻችን እንደ ወትሮው ዝም ብለን እንዳናሳልፈው ስለሰጋሁ ይህን ጻፍኩላችሁ። እገሌን ምረጡ አልልም። የምለምናችሁ እንድትመርጡ ነው።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በዲቪ የሄድኩ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖርኩ፣ ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግኩ፤ ባልቲሞር ላይ ቀኝ እጄን አንሥቼ ምዬ ዜጋ ሆንኩ፤ ከዓመታት በኋላም ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። አሁን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው የምኖረው። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባናል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራናል፣ ቤት ንብረት ያስይዘናል። ካርዱን ያስገኘልን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ከሰጠን መብት ላይ ነጥሎ ያስቀረው አለ፤ በኢትዮጵያ ምርጫ መምረጥም መመረጥም አንችልም። የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996ም የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ጎረቤቶቼ ገና ሳይነጋ ለምርጫ ሲሰለፉ እኔ ለሰልፉ ውኃ ከማቀበል በቀር ድርሻ አልነበረኝም። ሕጉን ብንወደውም ብንጠላውም ነገሩ ይኸው ነው። ማን ያስተዳድራችሁ ተብለን የምንጠየቅበት አገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትተነው የመጣነው አገር ነው።

በ2020፣ ያ አገር እንደዚያ በታመሰበት የምርጫ ዓመት፣ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ባስጠናው ግምት መሠረት ለመምረጥ ዕድሜያቸው የደረሰ 2.8 ሚሊዮን ያህል ዜጎች ውጭ ይኖሩ ነበር። ድምፅ የሰጡት ከመቶው ስምንት እንኳ አይሞሉም። እዚያው አገር ውስጥ ያሉት ከመቶው ከ60 በላይ ሆነው ወጥተዋል።

ይህን ሳነሣ የምሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እኔ እኮ ወጥቻለሁ፤ የእነሱ ፖለቲካ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ነው። መልሱ ከድካም የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ዕረፍት ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገር ግን በእውነት ወጥተናል?

አሜሪካ ግብር የምትጠይቀው በመኖሪያ ሳይሆን በዜግነት ነው። ከዓለም አገሮች መካከል እንዲህ የሚያደርጉት እሷና ኤርትራ ብቻ ናቸው። ልማዱ የተጀመረው በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ በ1860ዎቹ ነበር። በ1924 ኩክ የሚባል ሜክሲኮ ሲቲ ነዋሪ የሆነ አሜሪካዊ፣ ሀብቴም ኑሮዬም እዚህ ነውና የከፈልኩት ግብር ይመለስልኝ ብሎ ቢከስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ጥበቃ ዜጋውን በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል ብሎ ፈረደበት። የዚያ ፍርድ ጥላ ዛሬ አያት ካፌ በከፈተው፣ ቦሌ ክሊኒክ ባቋቋመው ሰው ላይ ሁሉ አርፏል። አሜሪካ ከ30 ያህል አገሮች ጋር የተፈራረመችው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር የለም። ስለዚህ እዚህ የራሱን ሥራ የሚሠራ ዜጋ፣ እዚህ ከሚከፍለው ግብር ሌላ፣ ከትርፉ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ለዋሽንግተን ይከፍላል። ታሞ እዚህ ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ ሜዲኬር አይከፍልለትም። አሜሪካ ያለውን ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ወደዚህ ባንክ ያዛወረ ጡረተኛም፣ ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን ባለማወቅ ቅጣት ላይ የወደቁ አሉ።

እነዚህን ሁሉ ኮንግረስ ነው የደነገገው፤ ሊያሻሽላቸው የሚችለውም እሱ ነው። ማሻሻል እንደሚችልም በቅርቡ አይተናል። የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ካልተከፈለበት ሥራ፣ ከውጭ አገር የሚገኘውን ጨምሮ፣ ጡረታ ያለው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያው ይቀነስበት ነበር። ጃንዋሪ 2025 የተፈረመው ሕግ ያን ቅነሳ አንሥቶታል። ለዓመታት በር ሲያንኳኩ የኖሩት አስተማሪዎች፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። በእነሱ ጉትጎታ ውጭ ያለነውም ተጠቃሚ ሆንን። እኛ ግን አላንኳኳንም።

በዚያው ዓመት ጁላይ የተፈረመው ሕግ ደግሞ፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ቀረጥ ጥሏል። ረቂቁ ሲጀመር 5 በመቶ ነበር፤ ያኔ የታለመውም ዜጋ ያልሆኑት ላይ ነው። ወንድም እህቶቻችን ለእናቶቻቸው በየወሩ ከሚልኩት ላይ የሚቆረጥ ነውና ከእኛ የራቀ ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ሁላችንም ዩኤስኤይድ እያልን የምንጠራው፣ በ2025 ሲፈርስም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ አጥተዋል፤ ይሰጡት የነበረው አገልግሎትም ተስተጓጉሏል። መፍረሱ ልክ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ጭካኔ ነው እላለሁ። እዚህ እየኖርን ጉዳቱን ያየን ዜጎች ካልመሰከርን፣ ለአንድ የኮንግረስ አባል የጤና ጣቢያውን በር መዘጋት ማን ይነግረዋል?

ከድካሙ በስተጀርባ ፍርሃትም አለ። በለቅሶም በሠርግም ስንገናኝ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። «ይህን ያህል ዓመት ተወልጄ ባደግኩበት አገር ስቀመጥ ዜግነቴን አይነሡኝም? ስሜን ሳስመዘግብ የት ነበርክ አይሉኝም?» ይህ ፍርሃት ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ አንድ ዘመን ላይ በሕግ የተጻፈ ነገር ነበር። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ ዜግነት ተሰጥቶት አሜሪካዊ የሆነ ሰው ወደ ተወለደበት አገር ተመልሶ በተከታታይ ሦስት ዓመት ከኖረ ዜግነቱን ያጣል ይል ነበር። አሜሪካ የተወለደው ግን ዕድሜውን በሙሉ ፓሪስ ቢጨርስ የሚነካው አልነበረም።

ይህን ሕግ የጣለችው አንጀሊካ ሽናይደር የምትባል ሴት ናት። ጀርመን ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር አሜሪካ ገብታ፣ በ16 ዓመቷ በእናቷ በኩል ዜጋ ሆነች። እዚያው ተምራ አደገች፤ ኋላ ጀርመናዊ አግብታ ኮሎኝ ኖረች። ፓስፖርት ስትጠይቅ ዜግነትሽ ቀርቷል ተባለች። እሷ ግን አልተቀበለችም፤ ተሟገተች። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሲሆኑ፣ ሕጉ ዜግነት የተሰጠው ሰው ታማኝነቱ ካገሬው ያንሳል ከሚል መነሻ የተጻፈ በመሆኑ ሊጸና እንደማይችል፣ የሁለቱም ዜግነት ክብሩ አንድ መሆኑን አስረዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ፖላንድ የተወለደው አሜሪካዊ ቤይስ አፍሮይም ተከተለ። እስራኤል ሄዶ ኖሮ በ1951 በአገሪቱ ምክር ቤት በክኔሴት ምርጫ ድምፅ በመስጠቱ ዜግነቱን አጥቷል ተብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ኮንግረስ የአንድን ሰው ዜግነት ያለ ፈቃዱ ሊወስድ እንደማይችል ወሰነ። ዛሬ ሰሚት ቤታችን ተቀምጠን ሰማያዊውን ፓስፖርት በመሳቢያ ያኖርነው በእነዚህ ሁለት ስደተኞች ሙግት ነው። ስማቸውን ልጆቻችን ቢያውቁት እወዳለሁ።

ይሁንና ጁን 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆቹ ዜግነት ለማሰረዝ ለሚቀርቡ ክሶች ቅድሚያ እንዲሰጡ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው የተሰጠንን ዜግነት በይሁንታ የተያዘ ስለሚያስመስለው አልወደድኩትም፤ የ1964ቱን እኩልነት ይሸረሽራል ብዬም አምናለሁ። ቢሆንም ለመሰረዝ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ዜግነቱ በማታለል ወይም ከሕግ ውጭ መገኘቱም በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። ውጭ መኖር በራሱ ክስ አይሆንም። በሕጋዊ መንገድ ያገኘን ሰዎች እየፈራን መብታችንን ብንተው፣ ያልተነጠቅነውን በራሳችን እጅ አስረከብን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ።

የመጀመሪያ የአሜሪካ ምርጫ ያየሁት በ2000 ነው። ፍሎሪዳ ላይ ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ልዩነቱ 537 ብቻ ነበር። ከውጭ አገር በፖስታ ዘግይቶ የገባው ድምፅ ይቆጠር አይቆጠር የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ሆኖ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 12 ወሰነ። በማግስቱ ማታ ተሸናፊው ዕጩ አል ጎር ወጥቶ፣ በውሳኔው ባይስማማም እንደሚቀበለው ተናገረ። አብረውኝ ቤት የተጋሩት ልጆች ሁሉም ያገሬ ልጆች ነበሩ፤ ንግግሩ ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኛ መንግሥት ሲለወጥ ታንክ ከተማ ሲገባ ያየን ነን፤ የ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከአእምሯችን አልወጣም። ከዚያ ንግግር በኋላ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የ1997 ዓ.ም. ምርጫ መጣና ከምርጫው በኋላ በአዲስ አበባ መንገዶች የፈሰሰውን ደም ከሩቅ ሆነን ሰማን። ዜግነት ለመውሰድ ስወስን ያሳመነኝ የኑሮው ምቾት አልነበረም። ግማሽ ሕዝብ የመረጠው ሰው፣ ተሸንፌያለሁ ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚሄድበት አገር መሆኑ ነው።

ስለዚህ ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በገና ዋዜማ ማታ፣ የ2020ው ምርጫ ውጤት ያልተዋጠላቸው ሰዎች የኮንግረሱን ሕንፃ የካፒቶልን መስኮት ሲሰብሩ ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳይ አነባሁ። ያን ሰሞን እዚህም ጦርነት ላይ ነበርን። ሁለቱም አገሮቼ በአንድ ሌሊት ሲታመሙ አየሁ። «ከዚህ ወዲያ ምን ምርጫ አለ» ያላችሁኝ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስሜታችሁን እጋራዋለሁ፤ መደምደሚያችሁን ግን አልጋራም። ያልተጋራሁበትን ምክንያት ሰሜን ካሮላይና ላይ የሆነው ያስረዳልኛል።

በ2024 በዚያ ስቴት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አሊሰን ሪግስና ጄፈርሰን ግሪፈን ተወዳደሩ። ከ5.5 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጦ ሪግስ በ734 ድምፅ አሸነፉ። ግሪፈን ከ60,000 በላይ ድምፅ እንዲሰረዝ አቤቱታ አቀረቡ። ከእነዚህ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ውጭ ያሉ ወታደሮችና እንደ እኛ ያሉ ዜጎች ናቸው፤ የተባለባቸው ጥፋት ከድምፃቸው ጋር የፎቶ መታወቂያ ቅጂ አላኩም ነው። ምርጫው ሲካሄድ የነበረው ደንብ ግን እንዲልኩ አይጠይቃቸውም ነበር። የተጠቀሱትም ዲሞክራቶች የሚበዙባቸው የጥቂት አውራጃዎች መራጮች ብቻ ነበሩ። ጥቂት መቶዎቹ ደግሞ ከአሜሪካዊ ወላጅ ውጭ አገር ተወልደው ሰሜን ካሮላይና ኖረው የማያውቁ ልጆች ናቸው። የስቴቱ ፍርድ ቤቶች በከፊል ለግሪፈን ፈረዱ፤ የልጆቹ ድምፅ እንዲወድቅ፣ ሌሎቹም ውጭ ያሉት በ30 ቀን ውስጥ መታወቂያ እንዲያቀርቡ አዘዙ። ከማዶ ያለ ሰው የሰጠውን ድምፅ ከወራት በኋላ ዳግም አስመስክር መባሉ ነው።

ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ሜይ 2025 ዳኛ ሪቻርድ ማየርስ፣ የጨዋታው ደንብ ከጨዋታው በኋላ አይለወጥም በሚል መንፈስ ለሪግስ ወሰኑ። ማየርስን የሾሟቸው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ናቸው፤ የወሰኑትም የዚያው ፓርቲ ዕጩ በሆኑት ላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ግሪፈን ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። እኔን በ2000 ያሳመነኝ ነገር ጨርሶ አልሞተም የምለው ይህን አይቼ ነው። ከዚህ ሌላም አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። የውጭ መራጭ ድምፅ ውጤት የማይለውጥ ከሆነ፣ እሱን ለማሰረዝ ስድስት ወር ሙሉ በፍርድ ቤት ማን ይሟገታል?

ስለ ልጆቻችን ትንሽ ልጨምር። እዚህ የተወለደ ልጅ አንድ ወላጁ ብቻ አሜሪካዊ ቢሆንም፣ ያ ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከአምስቱም ሁለቱን ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ ከኖረ፣ ልጁ በተወለደበት ቅጽበት ዜጋ ነው። 18 ሲሞላው ብዙ ስቴቶች ወላጁ በመጨረሻ በኖረበት አድራሻ እንዲመርጥ ይፈቅዱለታል፤ የማይፈቅዱም አሉ። ያንን ልጅ ያለ አንዳች የፖለቲካ ድምፅ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባዕድ፣ አሜሪካ ውስጥ ያልተቆጠረ አድርገን እያሳደግነው ነው።

ፈረንሳይ ውጭ ላሉ ዜጎቿ 11 የምክር ቤት መቀመጫ መድባለች፤ ጣሊያንም በሁለቱም ምክር ቤቶቿ አላት። አሜሪካ የላትም። የእኛ ድምፅ የሚቆጠረው በመጨረሻ በኖርንበት ቤት አድራሻ ነው፤ ቤቱ ቢሸጥም፣ ዘመድ ባይኖረንም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አትዩት። ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ናት። አካባቢውን ወክለው በኮንግረስ የነበሩት ማይክ ኮፍማን፣ ኤፕሪል 2018 የተወካዮች ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የሚናገር ውሳኔ ከገፉት አንዱ ነበሩ። ውሳኔውን የደገፋችሁም የተቃወማችሁም ትኖራላችሁ። ልብ የምላችሁ ሌላ ነገር ነው። አንድ የኮሎራዶ ሪፐብሊካን ስለ ኢትዮጵያ እስር ቤቶች ሊያስብ የቻለው መራጮቹ በየቢሮው ስለተገኙ ነው። ከኦሮራ ወደ ገርጂ የተመለሰ ሰው ዛሬም የዚያው ወንበር መራጭ ነው፤ ለዚያ ቢሮ ቢጽፍ ያው መራጭ ጻፈ ይባላል።

አካሄዱ አይከብድም። የፌዴራል ፖስትካርድ ማመልከቻ የሚባል ቅጽ አለ፤ በየዓመቱ መሞላት አለበት፤ አምና ሞልቻለሁ ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ቅጹ ወደ አሜሪካ የመመለስ ሐሳብ እንዳላችሁ ይጠይቃል። የስቴት ግብር የሚያስፈራችሁ፣ መመለሴ እርግጠኛ አይደለም የሚለውን ምረጡ፤ ለፌዴራል ሹመት ብቻ ድምፅ መስጠት የግብር ነዋሪ እንደማያደርግ ሕጉ ራሱ ደንግጓል። ስቴቶች የድምፅ መስጫውን ወረቀት ለጠየቀ ሰው ከምርጫው 45 ቀን በፊት የመላክ ግዴታ አለባቸው፤ ለዚህኛው ምርጫ ቀኑ መስከረም 9 ላይ ይውላል። በኢሜይል ላኩልኝ ማለት ይቻላል። መልሱን ግን አንዳንዱ ስቴት በኢሜይል ወይም በፋክስ ሲቀበል፣ አንዳንዱ ከፖስታ ሌላ አይቀበልም። በፖስታ የሚላከውን እንጦጦ መንገድ ባለው ኤምባሲ በኩል መላክ ስለሚቻል ሳምንታት ቀድማችሁ አድርሱት። ወረቀቱ ከዘገየባችሁ በምትኩ የሚሞላ የፌዴራል መጠባበቂያ ቅጽ አለ።

ይህ ቀላል መንገድ ለዘላለም ክፍት ይሆናል ብዬ አልምልላችሁም። ኤፕሪል 2025 የተወካዮች ምክር ቤቱ ያሳለፈው ረቂቅ፣ መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ የዜግነት ማስረጃን በአካል ቀርቦ ማሳየት የሚጠይቅ ነበር። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዳይመርጥ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለች የ70 ዓመት ጡረተኛ ፓስፖርቷን ለማሳየት ሜሪላንድ ድረስ ትብረር የሚል አሠራር መብቷን ያሳጣታል። የመረጥናቸው ሰዎች ይህን ከእኛ መስማት አለባቸው፤ ደብዳቤም ጻፉላቸው፣ በእንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ።

ቅጹን መሙላት የሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች በየሰፈራችን አሉ። በዕድራችሁ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የምታውቋቸውን ጠይቁ፤ መጨረሻ የኖሩበትን የአሜሪካ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን የመጨረሻ አራት አኃዞችና ፓስፖርታቸውን ይዘው ይቅረቡ። ክረምቱ ሳይወጣ ቢላክ ለመስከረም ይደርሳል።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
አዲስ አበባ